ቆንጆ ቤት መሳል ምን ያስጠይቃል?

አንድን ቆንጆ ነገር ለመውደድ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን?

ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ነው። መልሱም "ኧረ አያስፈልግም" የሚል ይመስላል። ጫማ ስንገዛ ማን እንደሰፋው አንጠይቅም። ቡና ስንጠጣ ለቀማ ላይ የዋለችውን ሴት አናስባትም፤ ብናስባትም ስኒው እስኪቀዘቅዝ ነው። ሁሉን ነገር አጣርቼ ካልሆነ አልነካም የሚል ሰው ቁርሱን ሳይበላ ይመሽበታል። እስከዚህ እስማማለሁ። ነገሩ የሚከብደው ቆንጆውን ነገር ከማየት አልፈን በገዛ እጃችን መልሰን ልንሠራው ስንነሳ ነው። እኔን እዚህ ጥያቄ ውስጥ የከተተኝ አንድ ቤት ነው። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ በአክሬሊክ ቀለም ስስለው የከረምኩት፣ በእግሬ ደርሼበት የማላውቅ ቤት።

ቤቱ ካርሰን ማንሽን ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ዩሪካ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። የተሠራው ከ1884 እስከ 1886 ባለው ጊዜ ነው (የቤቱን ታሪክ ስናገር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ ዊሊያም ካርሰን የሚባል የጣውላ ነጋዴ ነበር። ንድፉን ያወጡት ሳሙኤልና ጆሴፍ ኒውሰም የተባሉ ወንድማማች አርክቴክቶች ናቸው። ፈረንጆቹ "ቪክቶሪያን" የሚሉት ዓይነት ቤት ነው፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ፋሽን የነበረ፣ ባዶ ግድግዳ የሚባል ነገር የማይወድ አሠራር። መሃሉ ላይ ረጅም ማማ አለ። በረንዳውን የያዙት ምሰሶዎች ተጠቅልለዋል፣ ተቦርቡረዋል፣ ቀለበት ለብሰዋል። የጣሪያው ጫፍ፣ የመስኮቱ ግንባር፣ የደረጃው መደገፊያ፣ አንድም ቦታ ቅርጽ ሳይወጣበት አልቀረም። በአሜሪካ በብዛት ፎቶ ከተነሱ የቪክቶሪያን ቤቶች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። ግን ዩሪካ ድረስ የሄደ ሰውም ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም፤ ከ1950 ጀምሮ ኢንጎማር የሚባል የግል ክለብ ንብረት ነው። ቱሪስቱ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔም አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የያዝኩት ይህንኑ ከአጥር ውጪ የተነሳ ፎቶ ነው።

ቀን ቀን ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሥዕል አልተማርኩም፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ስለዚህ የያዝኩት ዘዴም የመሐንዲስ ነው። 60 በ80 ሳንቲሜትር የሆነ ሸራ ላይ በእርሳስ አምስት አምስት ሳንቲሜትር ካሬ አሰመርኩ፤ 192 ካሬ ወጣው። ፎቶውንም በዚያው ልክ ከፋፈልኩት። ከዚያ በቃ፣ ካሬ በካሬ። አክሬሊክ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ነው። በውሃ ይቀጥናል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ቢደርቡበት የታችኛው አይነሳም። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ እርጥብ ሳለ ፈካ ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ቀለሙን የያዘው ፕላስቲካዊ ፈሳሽ እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጣ ያለ ስለሆነ ነው፤ ውሃው ሲተን ጥርት ይላል፣ የቀለሙም እውነተኛ ጥቁረት ይወጣል። ለዛሬ ማታ ሳይሆን ለነገ ጠዋት ነው የምትቀባው።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሥራውን በስልኬ ላይ አይቶ "ወንድሜ፣ ይሄን እኮ ኤአይ በአሥር ሰከንድ ይሠራልሃል" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በዚሁ ሙያ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ማሽኑን አልንቅም። እንዲያውም የሱ አስተያየት ነው ነገሩን እንዳስብ ያደረገኝ። አሥር ሰከንድ ከሚፈጀው ነገር አራት ወር የሚፈጀው በምን ይለያል? በውጤቱ ከሆነ ማሽኑ ይበልጠኛል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ፎቶ ለሁሉም ነገር እኩል ነው። ማማውን ያነሳበት ፒክሰልና ባዶውን ሰማይ ያነሳበት ፒክሰል ዋጋቸው አንድ ነው። እጅ እንደዚያ አይደለም። ሰማዩን በሰፊ ብሩሽ በአንድ ማታ ጨረስኩት፤ በረንዳው ብቻ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። አርባ ትናንሽ ምሰሶ ያለው መደገፊያ ለካሜራው አንድ ክሊክ ነው፣ ለእኔ አርባ ጊዜ ነው። ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ከማስመሬ በፊት ምን እንደሆነ መወሰን አለብኝ። ይሄ ጥቁር ነገር ጥላ ነው ወይስ ሌላ ጣውላ? ይሄ ቀለበት ምሰሶው ላይ የተቀረጸ ነው ወይስ ተቀርጾ የተለጠፈ? ይሄ ቅርጽ ጣሪያውን ተሸክሟል ወይስ ለጌጥ ተንጠልጥሏል? ሳይወስኑ መሳል አይቻልም፤ ቢሳልም ያስታውቃል። እንግዲህ በእጅ መገልበጥ ማለት መጠየቅ ማለት ነው። ማሽኑ ምስሉን ሲሰጠኝ ከኔ የሚጠይቀኝ ነገር የለም፤ ሥዕሉ ግን አራት ወር ሙሉ ጠየቀኝ።

አርባኛውን ምሰሶ ስትስል ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይጠሩት ይመጣል፦ እኔ በብሩሽ እንዲህ ከደከመኝ በእንጨት የሠራው ሰውዬ ምን ብሎ ይሆን?

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አሳቀኝ። የዚያ ዘመን ጌጥ "በእጅ የተሠራ ጥበብ" ብለን የምናዝንለት ዓይነት ብቻ አልነበረም። የእንፋሎት ሞተር መጋዙንና ቶርኖውን ማዞር ከጀመረ በኋላ፣ ድሮ አንድ አናጢ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበት ቅርጽ በቶሎና በብዛት ይመረት ጀመር። ካታሎግ ነበር። ሰው ቤቱን ሲሠራ ምሰሶውንና የጣሪያ ጥልፉን ከካታሎግ መርጦ ያዝ ነበር። በእኛ ቋንቋ ላይብረሪ ነው፦ ሌላ ሰው የጻፈውን ትጠራለህ፣ ትገጣጥማለህ፣ ያንተ ይባላል። የቪክቶሪያን ቤት የዘመኑ ኮፒ ፔስት ነበር ማለት ይቻላል።

ካርሰን ማንሽን ግን ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ከመቶ በላይ ሠራተኛ እንደተሳተፈበት ይነገራል። ካርሰን ቤቱን ያሠራው የጣውላ ገበያ በቀዘቀዘበት ወቅት ሠራተኞቹ ሥራ እንዳይፈቱ ብሎ ነው የሚል ታሪክም አለ። ታሪኩ ለባለቤቱ ያደላ ሊሆን ይችላል፤ ሀብታም ሰው ሲያልፍ ደግ ታሪክ ትቶ ያልፋል። ቢሆንም የእነዚያ አናጢዎች ሙያ እውነት ነው፤ ሥዕሉ ያረጋግጥልኛል። ከማማው ጫፍ እስከ ደረጃው ሥር መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ተከትያቸዋለሁ። ማንም ቀና ብሎ የማያይበት ቦታ ላይ እንኳ ማዕዘኑ ተጠብቋል። ስማቸው በቤቱ ላይ የለም። የነጋዴው ስም አለ፣ የአርክቴክቶቹ ስም አለ። የሚስል ሰው ከማንም በላይ የሚቀርበው ግን ለአናጢው ነው፤ አንድ ዓይነት መስመር ላይ ነው የሚደክሙት።

ቀጥሎ እንጨቱ። ቤቱ በአብዛኛው የተሠራው ሬድዉድ ከሚባል ዛፍ ነው። በዓለም ረጅሙ የዛፍ ዝርያ ነው፤ ከ100 ሜትር በላይ የሚያድጉ አሉ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ የኖሩም አሉ። ካርሰን ሀብታም የሆነው ይህን እየቆረጠ ነው። ሸሪኩ ጆን ዶልቢር በ1881 ግንዱን በገመድ ከጫካ የሚጎትት የእንፋሎት ሞተር ፈለሰፈ። "ዶንኪ" ይሉታል፣ አህያ ማለት ነው። አህያው ከመጣ በኋላ ጫካው የሚያልቅበት ፍጥነት ተለወጠ። ዛሬ ከጥንቱ የሬድዉድ ደን የቀረው አምስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። እና ያ ሁሉ ጌጥ፣ ያ ሁሉ ጥልፍ፣ የጣውላ ነጋዴ ማስታወቂያም ነበር፦ "በእኔ እንጨት ይሄን መሥራት ይቻላል" የሚል። በክርስቶስ ልደት አካባቢ የበቀለ ዛፍ ለበረንዳ ምሰሶ ሲሆን አስቡት። ደግሞ አስቀያሚ ሆኖ አልወጣም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ያምራል።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶው ሁለት ነገር ልናገር፤ የሥዕሉ ጥያቄ ከነሱ ነው የሚወጣው።

አንደኛው፣ ፎቶ ይዋሻል። ከቅርብ ሆኖ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ረጅም ቤት ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ቀጥ ያሉት ግድግዳዎች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ ቤቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። እኔ በማስመሪያ አቃናሁት። ሠዓሊ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። መስመሩን ሳቃና ለፎቶው ታማኝ አይደለሁም፤ ለቤቱ ነው ታማኝ የሆንኩት። ፎቶው መስኮት ነው እንጂ የምስለው ነገር አይደለም። እንዲህ ካልኩ በኋላ "እኔ ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ነው የሳልኩት" ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ሁለተኛው፣ የበረንዳው ጥላ። ካሜራው ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ አጥርቶ ለማንሳት ሲል ጥላውን ጥቁር አድርጎታል። ከምሰሶዎቹ ኋላ ያለው ነገር አይታይም። እዚያ ውስጥ በር አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ምናልባት ወንበር አለ፤ ፎቶው ግን ጥቁር ነው የሚለኝ። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ይህን ችግር በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ ነል እንለዋለን። አንድ ሰው ፎርም ሲሞላ ስንት ልጆች እንዳሉት ሳይጽፍ ቢያልፍ፣ ያ ክፍት ቦታ ነል ነው። ዜሮ አይደለም። ዜሮ ማለት "ልጅ የለኝም" ማለት ነው፤ ነል ማለት "አልተነገረንም" ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሲስተም ሥራ አያቆምም፤ በጸጥታ የተሳሳተ ሪፖርት እያወጣ ይቀጥላል።

ፎቶዬ ላይ ሰው የለም። አንድም። ማለዳ ይሆናል የተነሳው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ይህ ባዶነት ዜሮ ነው ወይስ ነል?

ነል ነው። ቤቱ በ1884 ተጀመረ፣ በ1886 አለቀ ብያለሁ። በመሃል ያለው 1885 ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር፣ ዩሪካ ውስጥ በቻይናውያን ሰፈር ተኩስ ተነሳ፤ ዴቪድ ኬንዳል የተባለ የከተማው ምክር ቤት አባል በተባራሪ ጥይት ሞተ። ሕዝቡ ወጣ፣ ተሰበሰበ። ከዚያም በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ 300 ገደማ ቻይናውያን በሙሉ፣ ነጋዴው፣ ልብስ አጣቢው፣ አትክልት ሻጩ፣ ተኩሱ ይመለከተው የነበረውም ያልነበረውም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ በሁለት መርከብ ተጭነው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተባረሩ። በዓመቱ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ካሳ አላገኙም። ለአሥርት ዓመታትም እንዳይመለሱ ተደረገ። ያን ሳምንት የካርሰን ቤት ገና በግንባታ ላይ ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዱ ሠፈር በሁለት ቀን ባዶ ሲሆን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ማማ እየወጣ ነበር።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ባሕሩ አለ። ከተማዋ ፊት ለፊት ሃምቦልት የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አንድ ደሴት አለች፤ ቱሉዋት ትባላለች። የዊዮት ሕዝብ በየዓመቱ ዓለም እንዲታደስ ብሎ የሚሰበሰብባት ቅዱስ ቦታ ናት። በ1860 በየካቲት 26 ሌሊት፣ ሥነ ሥርዓቱ በሚካሄድበት ሰሞን፣ ሰፋሪዎች በጀልባ ተሻግረው የተኙትን ፈጁ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው የለም። በአቅራቢያው ባለች ከተማ ብሬት ሃርት የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ድርጊቱን አውግዞ ስለጻፈ አካባቢውን ለቆ መሄድ ግድ ሆነበት። ዊዮቶች በ2000 ከደሴቲቱ ጥቂት መሬት በገንዘባቸው ገዙ፤ ከዚያ ከተማዋ በ2004 የተወሰነውን፣ በ2019 ደግሞ በእጇ የነበረውን ቀሪ መለሰችላቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ካርሰን ነው ያደረገው ለማለት አይደለም። ቤቱ ነው ያደረገው ለማለትማ ጭራሽ አይደለም፤ ቤት ምን ያደርጋል? የምለው ሌላ ነው። ጫካው ለነጋዴ ክፍት የሆነው፣ ከተማዋ "የነሱ" የሆነችው፣ ማለዳው ጭር ብሎ ቤቱ ብቻውን አምሮ የሚታየው፣ ከሆነ ቦታ ተነስቶ ነው። ይህን እያወቅኩ ብሩሼን ቀለም ውስጥ ሳነክር ምን እያደረግኩ ነው?

ቀላል መልሶች አሉ። ሁለቱን ልያቸው።

የመጀመሪያው "አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው እኮ!" የሚለው ነው። ውበት ለብቻው፣ ታሪክ ለብቻው። ጣውላው አይወነጀልም፤ የቀለሙ ስምምነት ከማንም ደም ጋር አይገናኝም። በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለ። ቅድም ያልኳቸው አናጢዎች ማዕዘኑን የጠበቁት ማንንም ለመበደል አይደለም። ሥራቸውን በሌላ ሰው ወንጀል መካድ ሁለተኛ በደል ነው። ግን ይህ መልስ አንድ ነገር ይደብቃል፦ "ለብቻው" የሚለውን ያቆመው ማን ነው? ውበቱን ከታሪኩ የለየው ተፈጥሮ አይደለም፤ ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ሌንሱ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሸሽ ባሕሩ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው መልስ ተቃራኒው ነው፦ ወይ ብሩሹን ጣል፣ ወይ ወንጀሉን ሥዕሉ ላይ አውጣው። ለዚህኛው ደግሞ እኛ ጋ የቆየ ዘዴ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ተመልካቹ ማንበብ ባይችል እንኳ ማን ምን እንደሆነ በዓይኑ ቁጥር ያውቃል። በጣም የምወደው ሥርዓት ነው፤ ሠዓሊው የሚፈርድበት ቦታ አለው። እና አሰብኩት፦ ይሄን ቤት በአንድ ዓይን ልሳለው? አንዱን መስኮት ላጨልመው? ጥግ ላይ ሁለት መርከብ ላስገባ?

አላደረግኩትም። ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ፈርቼ ወይም "ሥዕሉ እንዳይበላሽ" ብዬ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ አንድ ዓይን ሲስል የሚስለው ሰውን ነው። ይሁዳ መርጧል፤ ፍርዱ ምርጫው ላይ ነው የሚያርፈው። ቤት አልመረጠም። በቤቱ ላይ ክፋት ብቀባ መረጠ የምንለው ሰው ሁሉ ነጻ ይወጣል፤ "እርኩስ ቤት ነበር" ይባልና ያልፋል። ደግሞ ጥግ ላይ የምትገባ መርከብ ለኔ ታገለግላለች እንጂ ለተባረሩት አይደለም፤ "እኔኮ አውቃለሁ፣ እኔ ደህና ሰው ነኝ" ትልልኛለች። ሦስት መቶ ሰው የኔ የጨዋነት ምልክት ለመሆን አይደለም በዚያ መርከብ ላይ የተጫነው።

ታዲያ ምን ቀረ? እኔ የደረስኩበት መልስ ጥፋተኛ መሆንና ባለዕዳ መሆን የተለያዩ ናቸው የሚል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ እናደርጋቸዋለን፤ ስለዚህ "እኔ ምን አጠፋሁ?" ብለን ስንጨርስ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ባልበደልኩት በደል ጥፋተኛ አይደለሁም፤ በ1885 አልነበርኩም፣ ዩሪካንም አላውቃትም። ግን አራት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት ደስታ ወስጃለሁ። ከአንድ ነገር ደስታ የወሰደ ሰው ለዚያ ነገር ዕዳ አለበት። የጎረቤት ቤት በልቶ የሚወጣ ሰው ሌባ አይደለም፤ ግን ማን እንዳበሰለው ካልጠየቀ፣ እጇን ካላመሰገነ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። ዕዳው የሚከፈለውም በተወሰደው ዓይነት ነው። እኔ የወሰድኩት በማየት ነው፤ ስለዚህ የምከፍለው በማየት ነው። የታየውን ያህል ያልታየውንም ለማወቅ መሞከር። ይህ ዕዳ ለክፉው ብቻ አይከፈልም። ስማቸው ያልተጻፈውን አናጢዎች ያገኘኋቸው በዚሁ መንገድ ነው።

"እንዲህ ከሆነ ምንም ነገር መሳል አይቻልማ!" የሚል ይኖራል። ይቻላል። ጥያቄው የሚዘጋው በር የለም፤ የሚዘጋው አንድ ነገር ቢኖር "አይመለከተኝም" የሚለውን ነው። እኛንም በቅርብ ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ የድሮዎቹን ቤቶች ከፎቶ ላይ የሚስል ሰው ብዙ ነው። የእንጨት በረንዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የጣሪያ ጥልፍ። ያምራል፤ እኔም አይቼ ልቤ ይነካል። ግን ብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ሰው የለም። በረንዳው ላይ ልብስ ያሰጣች የነበረችው፣ ከሥሩ ሱቅ የነበራት፣ አሁን ሌላ ዳር ሄዳ የምትኖረው ሴትዮ ሥዕሉ ላይ ነል ናት። ቤቱን የሚናፍቅ ሰው ዜሮ ብሎ እንዳይቆጥራት እፈራለሁ። ናፍቆታችን ለግድግዳው ብቻ ከሆነ እኛም ከአጥር ውጪ ቆመን ፎቶ የሚያነሳውን ቱሪስት ሆነናል ማለት ነው፤ በራሳችን ከተማ።

ወደ ጥላው ልመለስ፤ እዚያ ነው መወሰን የነበረብኝ። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው ከጭንቅላቴ በርና ወንበር ፈጥሮ መሙላት ነው፤ ያላየሁትን ማውራት ነውና ተውኩት። ሁለተኛው ከቱቦው የወጣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ማለፍ ነው። እሱም ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥቁር "እዚህ ምንም የለም" ነው የሚለው። ሠዓሊዎች የሚያውቁት ሌላ መንገድ አለ፦ ጥላን ያለ ጥቁር ቀለም መሥራት። ጥቁር ሰማያዊና የተቃጠለ ቡናማ ቀላቅዬ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ ስድስት ጊዜ ደራረብኩበት። ከሩቅ ሲያዩት ጨለማ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ጥልቀት አለው፤ አንድ ነገር እንዳለበትና እንደማይታይ ያስታውቃል። ሥዕል ስለማያውቀው ነገር በታማኝነት ሊናገር የሚችለው ይህን ያህል ነው ብዬ አምናለሁ። ቀሪውን ቃል ይናገር። ስለዚህ ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት፦ የቤቱን ስም፣ የዛፉን ስም፣ 1860ንና 1885ን፣ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ በአንድ አንድ መስመር። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አይታይም። የሚያወርደው ሰው ያገኘዋል።

አገራችን ውስጥ ትልቅ ሰው አዲስ ልጅ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ነው። ልጅ ሳለሁ ያናድደኝ ነበር፤ እኔን ተወት አድርገው ስለ አባቴ የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጥያቄው ውስጥ ያለው ደግነት ይታየኛል። መልሱ አባቱ መጥፎ ሰው ነው የሚል ቢሆን እንኳ ልጁ አይባረርም፤ ይቀመጣል፣ ይበላል። ግን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቋል፤ ከእንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ማንነቱን የሚደብቅ ዝምታ የለም። ለመውደድ ቀድሞ ማወቅ ግዴታ አይመስለኝም፤ መውደድ ሳይጠይቅ ይጀምራል፣ እኔም ቤቱን ምንም ሳላውቅ ነው የወደድኩት። ነገር ግን አራት ወር አብሮት ተቀምጦ "የማን ልጅ ነህ?" ያላለ ሰው፣ የወደደው ቤቱን ሳይሆን ፎቶውን ነው።